የጨዋው ሕመም

«ድሮም እንዲሁ ነበር እኮ! ሚስቱ ናት ገመናውን ሸፍና ያኖረችው» አለች ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው ሴት፣ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ንቅንቅ አልል ሲል። አጠገቧ የቆመችው ጎረቤቷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «ሜትር ይዞ የሴት ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው ዓይኑ ንጹሕ ሊሆን ኖሯል? የእህቴ ልጅ ለሠርግ ቀሚሷ ሄዳ ምን እንዳላት ብነግርሽ ጆሮሽን ትይዣለሽ።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው የራሱን ወሬ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት ግን እዚያው ከሁለቱ ጀርባ፣ የጨርቅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። «ሚስቱ እኔ ነኝ» ብትል የሁለቱም ፊት ባንዴ ሲከስል ታያት። አላለችም። ብላስ ምን ብላ ልትቀጥል ነው? ለሙሽሪት ያላትን እንደሆነ ብሏታል፤ እሷም ከመጋረጃው ወዲያ ሆና በጆሮዋ ሰምታዋለች። ዳቦው ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዋጋው ጨምሮ መጠኑ ቀንሶ ነበርና ሴቶቹ ከባሏ ወደ ዳቦው ዞሩ፤ ሁለቱንም የሚያማርሩት በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ከሰልፉ ወጥታ ባዶ ቦርሳዋን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቤታቸው ሁለት ክፍልና ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት የስፌት ክፍል ነው። የስፌት መኪናው በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ በተወጠረው ሽቦ ላይ ባለቤቶቻቸው መጥተው ሊወስዷቸው ያፈሩ ልብሶች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ እጅጌ የለው፣ አንዱ ጠርዙ አልተዘመዘመ። ድሮ በዚህ ክፍል በር ላይ ሴቶች ተራ ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ ባሏን ሰፈሩ በስሙ ሳይሆን «ጨዋው» ብሎ ነበር የሚያውቀው። «ጨዋው ጋ ውሰጂው፣ ዓይኑን ከሜትሩ አያነሳም» ይሉ ነበር። እውነትም አያነሳም። ደረት መለካት ሲመጣ ሜትሩን ለሚስቱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና ቁጥሩን እሷ እየጠራችለት ይጽፋል። አሁን ያ ሰው በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ስኳሩን ከነጣሳው ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቱ እየላሰ ነበር።

ልጃቸው ሳሎኑ ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ትተኩሳለች። መድኃኒት ቤት ሻጭ ናት፤ ለዛሬ ፈቃድ ወስዳለች። ማታ የእጮኛዋ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ይመጣሉ።

«እማዬ፣ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም ነበር?»

«የሆስፒታሉ መሣሪያ ውስጥ የሚገባው ዛሬ ነው፤ ውጤቱንም ዛሬ ነው የሚነግሩኝ። ብቀር ደግሞ መቼ እንደሚጠሩን ማን ያውቃል።»

«ሲመጡ ግን እሱ…» ልጅቷ ካውያውን ብድግ አደረገችና የጀመረችውን ሳትጨርስ መልሳ አሳረፈችው። እናት «ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ አታስቢ» አለቻት። ካለፈው ዓመት ወዲህ እናትና ልጅ እንዲህ ሆነዋል፤ ነገር ሲጀምሩ ጫፉ ላይ ይደርሱና ያቆማሉ፤ ከጫፉ ወዲያ ያለው እሱ ነውና።

አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ባልና ሚስት ከኋላ ተደግፈው ቆሙ። ቁርስ የበላው ስኳር ብቻ ነበርና ጨዋው ፊት ለፊቱ በተቀመጠች ሴትዮ ዘንቢል ውስጥ እጁን ሰደደ፤ አንድ ዳቦ አውጥቶ ገመጠ። የተደበቀ ሌብነት አልነበረም፤ ከራሱ ጠረጴዛ ላይ እንዳነሳ ሰው ነው ያደረገው። ሴትዮዋ ጮኸች። ሰው ዞረ። ትኬት ቆራጩ በሰዎች መሃል ሽቅብ እየተንጠራራ «አባት፣ በዚህ ዕድሜዎ! አያሳፍርም?» አለው። ጨዋው እያላመጠ ጥቂት አሰበና «አያሳፍርም» ብሎ መለሰ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ አንዱ «እንዲህ ያለውን ማውረድ ነበር» አለ። ሚስት የዳቦውን ዋጋ ለሴትዮዋ ስትሰጥ ሴትዮዋ ገንዘቡን ሳትነካ «ያንቺ ባል ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ አጠያየቋ ውስጥ ከስድብ የከፋ ማዘን ነበረበት። ሁለት ፌርማታ ቀደም ብለው ወረዱና የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። እሱ ከፊት ከፊት ይራመዳል። ዱሮ ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት፤ መንገድ ሲሻገሩ ሁልጊዜ መኪናው በሚመጣበት በኩል የሚሆነው እሱ ነበር።

የምርምር ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። ኮሪደሩ ቀለም ቀለም ይሸታል። ግድግዳው ላይ ለሁለት የተከፈለ ራስ ሥዕል ተሰቅሎ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ቀለም ተቀብቷል። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ልጃቸውን በጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት፤ «እናቴ፣ እንኳን መጡ፤ አባቴ፣ ደህና አደሩ?» ብላ ተቀበለቻቸው። ጨዋው «ቡትቶ ለብሰሻል» አላት። ዶክተሯ ጋውኗን አየችና «ልክ ነዎት» አለች። አልከፋትም። ሚስቲቱ በዓመቱ ውስጥ ያልተከፋ ሰው ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ ስለሆነ ከዶክተሯ ፊት ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

መሣሪያው ማግኔት ነው ተብሎ ብረት በሙሉ ወለቀ፤ ቀበቶው፣ ሰዓቱ፣ ሳንቲሙ። ቴክኒሻኑ መፈተሻውን በሰውነቱ ላይ ሲያሳልፍ አሁንም ጮኸ። ፈትሸው ፈትሸው የኮቱን ኮሌታ ቢገለብጡት ስፒሎች በመስመር ተሰክተው ተገኙ፤ የዱሮ የሥራ ልማዱ ነው፣ እጁን ሲዘረጋ የሚያገኛቸው እዚያ ነበር። ቴክኒሻኑ አንድ በአንድ እየነቀለ «እነዚህን ይዘው ቢገቡ እንደ ጥይት ነበር የሚተኮሱት» ሲል ጨዋው ከመዳፉ ላይ ሁለቱን አነሳና የቴክኒሻኑን እጅጌ ያዘ። «ረዝሞብሃል» አለው። አጥፎ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ፣ ጠርዙን ከሌላው እጅጌ ጋር አስተካክሎ ሰካው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ነበር። ሚስት ይህን አየች፤ ሰውየው ከነእጁ አለ፣ ከነሙያው አለ፤ ታዲያ የጎደለው ምኑ ነው? ከዚያ ስፒሎቹን ነቅለው ወደ ውስጥ አስገቡትና ከበሩ ወዲያ አንድ ሰው ቆርቆሮ በመዶሻ የሚቀጠቅጥ የሚመስል ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ከመሣሪያው ሲወጣ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዱት። ሚስት ከውጭ፣ ከወዲያኛው ወገን መስተዋት በሚመስል መስኮት በኩል እንድታይ ወንበር ሰጧት። ዶክተሯ በኮምፒውተር ላይ የሰዎችን ፊት ታሳየዋለች። አንዲት እንባ ያቀረረች ሴት መጣች። «ይህች ሴት ምን የተሰማት ይመስልዎታል?» ጨዋው ተጠግቶ አየና «የኮቷ ትከሻ ተሳስቷል፤ ግራው ወርዷል» አለ። የፈራ ሰው መጣ፤ «ክራቫቱ አጭር ነው» አለ። የተናደደም መጣ፣ የደነገጠም መጣ፤ ሁሉንም በልብሳቸው አለፋቸው። ቀጥላ ጥያቄ ጠየቀችው። «የሰውን ምግብ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ተገቢ ነው?» ጨዋው ቀና ብሎ እንደ ቀድሞው በለዘበ ድምፅ «አይደለም። ነውር ነው» አላት፤ ይህን እያለ የዶክተሯን ብስኩት ከነወረቀቱ ወደ ራሱ ስቦ መብላት ጀመረ። ዶክተሯ ብስኩቱን አልከለከለችውም። መዘገበች።

ሚስቲቱንም ያንኑ ፈተና ፈተኗት፤ የጤነኛ ሰው መልስ ለማወዳደሪያ ይፈለጋል ተባለች። እንባ ያቀረረችው ሴት ስትመጣ «አዝናለች»፣ ሰውየው ሲመጣ «ፈርቷል» አለች፤ አንዱንም አልሳተችም። በዚህ ዕድሜዋ ፈተና ማለፏ ትንሽ ደስ አላት፤ ወዲያው በደስታዋ አፈረች።

ዶክተሯ በሩን ዘግታ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጨዋው ከቴክኒሻኑ ጋር ውጭ ነበር። «ይህ በዕድሜ እኩያቸው የሆነ ጤነኛ ሰው ነው። ይህ ደግሞ የእሳቸው ነው። እዚህ፣ ከግንባራቸው ኋላ፣ ጥቁሩ የሰፋውን ያዩታል?» ሚስት አየች። ውሃ ነክቶት ገብቶ እንደጠበበ ጨርቅ ነበር፤ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ሸሽቶ ወደ መሃል ሰብሰብ ብሎ በዙሪያው ባዶ ጨለማ ቀርቷል። ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ድሮ ግንባራቸውን የተመቱ ሰዎች ሒሳቡንም ወሬውንም ሳይረሱ ጠባያቸው ብቻ ሲለወጥ ሐኪሞች አይተዋል። አሁን ደግሞ ሰው መሣሪያው ውስጥ ተኝቶ አንድ ነገር እንዳያደርግ ራሱን ሲገታ አንጎሉ የት የት እንደሚሠራ ማየት ይቻላል፤ የብዙ ሰው ፎቶ ተሰብስቦ፣ የታመመው ከጤነኛው ተመሳክሮ ነው ይህ የሚታወቀው። «ባለቤትዎ ነውር ምን እንደሆነ አልረሱም። ሰምተዋቸዋል። የሚያውቁት ነገር እጃቸውን የሚይዝበት ቦታ ነው የተበላሸው።»

«ይሉኝታ ማለት ነው? ይሉኝታ እዚህ ነው የሚቀመጠው?» ብላ ሚስት ጣቷን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። «አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ግን ይህ ሲጎዳ ይሉኝታ ይሄዳል። ባለጌ ሆነው አይደለም እናቴ። ታመው ነው።»

ይህን ቃል ስትሰማ ሚስት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ይህንኑ ነበር፤ ሲመጣ ግን ከኋላው ሌላ ጥያቄ ተጎትቶ መጣ፤ ለማንም ተናግራው የማታውቀው። «ዶክተር፣ ክረምት ላይ አንድ ነገር ብሎኛል። አንቺን ያገባሁሽ ታናሽ እህትሽ እምቢ ስላለችኝ ነው አለኝ። ሻይ ስቀዳለት ነው የነገረኝ፤ ተናዶም አይደለም። በሽታው ነው ያናገረው ወይስ… ዕድሜ ልኩን በይሉኝታ ይዞት የኖረው ነው?»

ዶክተሯ ፎቶውን አየች፣ ሴትየዋን አየች። «በሽታው ነው ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላውቅም። ይህ መሣሪያ ያንን አያነሳም።»

መድኃኒት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። የለውም። ይቆማል ወይ ብትል፣ አይቆምም፤ እያደር ንግግሩም ይጠፋል፣ እሷንም ላያውቃት ይችላል። ዶክተሯ በየዓመቱ እያመጣችው እንዲያዩት፣ አንድ ቀን ደግሞ ሲያርፍ ፈቃዷ ከሆነ አንጎሉን እንዲመረምሩ ለመነቻት፤ ስትለምን ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለጥናቱ በጣም ይጠቅማሉ» አለች።

«ለእሱስ ምን አላችሁ?»

«ለእሳቸው የለንም። ለሚመጡት ነው።» ከዚያ በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ ስትል ጠየቀቻት። ሚስት የባሏን ታላቅ እህት አስታወሰች፤ ተለክፋለች ተብላ በጓሮ ክፍል ተዘግቶባት ኖራ እዚያው የሞተችውን። ተናገረች። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ይህ ሕመም በአንዳንድ ቤተሰብ በደም ይተላለፋል፤ እንደዚያ ከሆነ ለልጅ የመድረሱ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ ልጅቷ ከፈለገች ደም ሰጥታ ማወቅ ትችላለች፤ ካልፈለገች አትገደድም። «ለሚመጡት» የተባለው ለማን እንደሆነ ሚስት የገባት ያን ጊዜ ነው።

ሆኖም ወደ ቤት ሲመለሱ ፎቶው ያለበትን ፖስታ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ብላ ሄደች። የሚመጣው ይምጣ፤ ቢያንስ ባሏ ባለጌ አይደለም። ማንም በሰልፍ ላይ ስሙን ሲያነሳ እንዲህ ነው ብላ የምታሳየው አላት። ለእሱ ትኩስ ዳቦ ገዛችለት። እየሄደ በላ፤ አላመሰገናትም፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጋናውን አልጠበቀችም።

ቤት ሲደርሱ የባሏ ታላቅ ወንድም ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ለእንግዶቹ በአባት ቦታ ሊቀመጥ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጥቷል። ልብሱን የሰፋለት ጨዋው ነው። ልጅቷ ኬኩን ስትቆርጥ ከወጥ ቤት ድምፅዋ ይሰማ ነበር። ሚስት ባሏን የስፌት ክፍሉ ውስጥ አስገብታ ስትመለስ አላስቻላትም፤ ፖስታውን ከፍታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ጋሼ፣ እይልኝ። ይኸው። ጠባዩ አይደለም፣ አንጎሉ ነው። ዶክተሯ ራሷ ነገረችኝ።» በደም ሊሆን ይችላል መባሉንም ነገረችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁ ሳያዘው ወደ ገዛ ግንባሩ ሄደ። ሚስት ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ጠዋት በኮምፒውተሩ ላይ አይታዋለች፤ ስሙን ታውቀዋለች።

«የእህታችንን ነገር ነገርሻቸው?»

«ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።»

«ይህንን ሌላ ማን አየው?»

«ማንም። ዛሬ ግን እንግዶቹ ሲመጡ ልናገር ነው። ደብቀን እስከ መቼ?»

ጋሼ ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰ። ሲመልሰው ጠርዙ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ ነበር። «ስሚኝ። ብልግና አይወረስም። ሰውየው ባለጌ ነው ቢባል እሱ ብቻ ነው የሚነካው። በዘር ነው ከተባለ ግን ይህችን ልጅ ማን ያገባታል? የእኔስ ልጆች? እኔስ ነገ አንድ ቃል ስቼ ብናገር ምን እባላለሁ?»

«ወንድምህ እኮ ነው ጋሼ! በየዳቦ ቤቱ ሲያብጠለጥሉት ዝም ልበል?»

«እሱ አይሰማውም። አያፍርም ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ቀና ስትል ልጅቷ ቢላዋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች፤ ከየት ጀምራ እንደሰማች ፊቷ ይናገር ነበር። «በደም ነው አሉ?» አለች። እናት «ገና አልታወቀም፤ ብትፈልጊ ትመረመሪያለሽ ብለዋል» አለቻት። ልጅቷ ቢላዋው ላይ የቀረውን ክሬም ታይ ነበር። እንደ ሌላ ጊዜዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እማዬ፣ ዛሬ ብቻ። ዛሬ ብቻ አትናገሪ።» ጋሼ ፖስታውን በኮቱ የውስጥ ኪስ አደረገው፤ ኪሱ ልክ ለዚያ የተሰፋ ይመስል ገጥሞ ገባ።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። የእጮኛዋ አባት ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። እናቱ በሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሠራች ነርስ ናት፤ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ሁሉንም ሰው ደህንነቱን ጠየቀች። ልጁ ከልጅቷ ትይዩ ተቀምጦ በየመሃሉ ፈገግ ይልላታል። ወሬው ስለ ቤት ኪራይ ሆነ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሆነ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ስለ መብዛቱ ሆነ። አባትዬውስ ሲባል ጋሼ «ትንሽ ሥራ ይዞት ነው» አለ። ከስፌት ክፍሉ በር በኩል ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል፤ ቁጣ የለበትም፣ ያላቋረጠ ነው። ሚስት በሩን ከዚህ ወገን ቆልፋበታለች። እንግዶቹ ኳኳታውን እንዳልሰሙ ሆነው ስለ ዝናብ ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ ቤተሰቡም እንዳልሰማ ሆነ። ድንገት ድምፁ ጠፋ። ሚስት እፎይ ልትል ስትል ክፍሉ ሌላ በር እንዳለው፣ ወደ መንገዱ የሚያወጣ፣ ትዝ አላት። ወዲያው የሳሎኑ በር ተንኳኳ፤ የእጮኛዋ አባት ቅርብ ስለነበር ብድግ ብሎ ከፈተለት።

ጨዋው በካልሲ ገባ። ካልሲው ጭቃ ነበር። ሰላም ሳይል ወፍራሙ ሰውዬ የተነሳበት ቦታ ተቀመጠና የሰውየውን ኬክ መብላት ጀመረ። ልጅቷ «አባዬ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። እሱ ግን ዓይኑን የእጮኛዋ እናት ላይ ጥሎ ነበር። «ይህን ቀሚስ ማን ነው የሰፋልሽ? አህያ ነው የሰፋው። አንዱ ጡትሽ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ምድር።» ይህን ብሎ ሳቀ፤ ክሬሙ ከአፉ ጠርዝ ላይ ወረደ። እጮኛዋ ወለሉን አየ። ወፍራሙ ሰውዬ እንደቆመ ቀረ። ነርሷ ግን አልተነሳችም፤ ጨዋውን በርጋታ፣ ከራሱ እስከ ካልሲው ድረስ አየችው። እንደ ተሰደበ ሰው አልነበረም አስተያየቷ። ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘችና «እህቴ፣ ሕመም አለባቸው እንዴ?» አለቻት። «አትደብቂኝ፣ እኔ ብዙ አይቻለሁ። ሕመም ከሆነ እናስታምማለን፤ ቤተሰብ ልንሆን አይደል?»

የሴትየዋ መዳፍ ሞቃት ነበር። ሚስት ያን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ያለ እጅ ነው ስትፈልግ የኖረችው፤ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውስጥም፣ አውቶቡሱ ላይም። አንድ ቃል ብትናገር ባሏን ከውርደት ታወጣው ነበር። ጋሼን አየችው፤ እጁ በኮቱ ላይ፣ ኪሱ ባለበት ቦታ አርፏል። ልጇን አየቻት። ልጅቷ አንገቷን አልነቀነቀችም፣ ዓይኗንም አላጉረጠረጠችም፤ ብቻ መተንፈስ አቁማ ነበር። ይህች ነርስ ናት፤ ሕመም ነው ካሏት ነገ የሕመሙን ስም ትጠይቃለች፣ ከነገ ወዲያ የሚወረስ መሆኑን ታውቃለች።

«የለም» አለች ሚስት። «ጤነኛ ነው። ጠባዩ ነው።»

ጋሼ ቀጠለበት፤ «ትንሽም መጠጥ ይቀማምሳል» አለ፤ በሕይወቱ መጠጥ በከንፈሩ ያልነካውን ሰው። ጨዋው እያላመጠ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ጤነኛ ነኝ» አለ። ነርሷ የያዘችውን እጅ ለቀቀች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲዘጋ ታየ፤ ለበሽተኛ የተዘጋጀው ርኅራኄ ለባለጌ አይሰጥምና መልሳ ወሰደችው። «አይ እህቴ፣ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ዕድሜ መግፋት!» አለች። ከዚያ በኋላ ጨዋውን ዳግመኛ አላየችውም። ሲሰነባበቱ ልጅቷን ስማ «አይዞሽ ልጄ፣ ከዚህ ቤት ስትወጪ ታርፊያለሽ» አለቻት። ወፍራሙ ሰውዬ ጋሼን ወደ ጎን ወስዶ ስለ ሠርጉ ቀን አነጋገረው፤ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይሆን፣ አባትየው ባይመጣ ለሁሉም እንደሚሻል፣ እጇን ይዞ የሚያስረክባት እሱ ቢሆን ደስ እንደሚላቸው። ጋሼ «እንደ ወደዳችሁ» አለ። ጨዋው በስተኋላቸው የቀሩትን ሳህኖች አንድ በአንድ እየጠረገ ይበላ ነበር።

ጋሼ ሲሄድ ፖስታውን አልመለሰም፤ ሚስትም አልጠየቀችውም። ዶክተሯ ስትደውል ምን እንደምትላት ገና አላሰበችበትም፤ እንደማትመለስ ግን አውቃዋለች። ባሏን ካልሲውን አውልቃ እግሩን አጠበችለት። እግሩን እንደ ዕቃ አቀበላት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች፤ ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ታደርቃለች። አንድ ሳህን ሁለቴ አደረቀችና ልጅቷ ድንገት ጠየቀች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ያወቅሽው በምንድን ነው? ከመሳደቡ በፊት። ከሁሉም በፊት።»

እናት ልትዋሽ ፈለገች። ማታ አንድ ውሸት አውጥታ ደክማ ነበርና ሌላ አልመጣላትም። «አንድ ቀን እዚህ ቆሜ አለቅስ ነበር፤ እናቴ የሞተች ሰሞን። ውሃ ሊጠጣ ገባ። አየኝ። ውሃውን ጠጥቶ አልፎኝ ወጣ። ደክሞት ይሆናል አልኩ ያን ጊዜ።»

ይህን ስትል እንባዋ ከሳሙናው ውሃ ላይ ተንጠባጠበ፤ እጇ እርጥብ ስለሆነ ልትጠርገው አልቻለችም። ልጅቷ ፎጣውን እንደያዘች ቆማ አየቻት። አየቻት። የእናቷን ፊት እንደ ከባድ ጥያቄ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ፎጣው ወደቀ፤ ልጅቷ በሁለት እጇ ጥምጥም አለችባት፤ አጥንቷ እስኪያማት ድረስ ጨመቀቻት። የልጅቷ ልብ እንደ ሯጭ ልብ ሲመታ እናት በደረቷ ላይ ሰማችው። እቅፉ ለእሷ ይሁን ለሌላ ነገር መለየት አቃታት።

«አየሽ አይደል?» አለች ልጅቷ ጆሮዋ ላይ። «አየሽ አይደል እማዬ? አላለፍኩሽም።»